በሩን ከውስጥ የቆለፈው ልብስ ሰፊ

በማረሚያ ቤት ጠባቂ በነበረችበት ዘመን ድምፅዋ ሦስት ግቢ አቋርጦ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት «ሰልፍ ያዙ!» ብላ ስትጮህ፣ ከግንቡ ውጭ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ ሰላማዊ ሰዎች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል ብለው የሚምሉ አሉ። አውቶቡሱም ተሰልፏል የሚሉት ግን ትንሽ ሳያጋንኑ አልቀሩም።

ይህች ሴት ዛሬ የምትታወቀው «ረጋ በሉ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ያወጡላት ሠልጣኞቿ ናቸው። ምክንያቱም ፖሊስ ሲቆጣ «ረጋ በሉ»፣ ነርስ ስታለቅስ «ረጋ በሉ»፣ ሻይ ሲዘገይም «ረጋ በሉ» ስለምትል ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአዳራሹ መጋረጃ በእሳት ተያይዞ «ረጋ በሉ» አለች፤ እሳቱም ረግቷል ይባላል።

ነገሩ የተገለበጠው በአንዲት እስረኛ ነው። ሴትየዋ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን በጠረጴዛ ደግፋ አልወጣም አለች። ጠባቂዎቹ በሩ በምን እንደሚሰበር መከራከር ያዙ። አንዱ በመዶሻ አለ፣ አንዱ በትከሻ አለ፣ አለቃቸው ደግሞ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፍ አለ። ረጋ በሉ ያን ቀን እግሯን ክፉኛ አሟት ነበርና ባልዲ ደፍታ በሩ ሥር ተቀመጠች። መቼም ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንላትም፤ «ውስጥ ይበርዳል እንዴ?» ስትል ጠየቀች። «ይበርዳል» አለች ሴትየዋ። በብርድ የተጀመረ ወሬ ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ አማት፣ ከአማት ወደ ምሳ አለፈና ሴትየዋ ጠረጴዛውን በራሷ እጅ ገፍታ ወጣች። መዶሻ የያዘው ሰውዬ ቅር ብሎት ዋለ።

ወሬው ወደ ላይ ደረሰ። ረጋ በሉ ለትምህርት ተላከች፤ ስትመለስ ራሷ አሰልጣኝ ሆነች። ሥራዋም የጋራ ሥልጠና ነው። በአንድ ወገን ፖሊሶች፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎችና የአመክሮ ሠራተኞች፤ በሌላ ወገን የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ የሥነ ልቦና አማካሪዎችና የሱስ ማገገሚያ ሠራተኞች። ሁለቱ ወገኖች በሥራ ላይ የሚያገኙት ያንኑ ሰው ነው፤ አንዱ ማታ ይይዘዋል፣ ሌላው ጠዋት ያነጋግረዋል። እርስ በርሳቸው ግን ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

አዳራሹ ድሮ የቤት ዕቃ መጋዘን ነበር፤ አሁንም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። የጣሪያው ማራገቢያ ለመዞር ሁልጊዜ ሁለቴ ያስባል። ሥልጠናው በተጀመረ ቁጥር የመጀመሪያው ጠብ የወንበር ነው። ጠባቂዎች ሰው እንዳያመልጥ በር አጠገብ መቀመጥን ተምረዋል። አማካሪዎች ደግሞ ነገር ከከፋ ራሳቸው እንዲያመልጡ በር አጠገብ መቀመጥን ተምረዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር ወንበር በወንበር ላይ ይቆለላል፤ መድረኩ ፊት ግን ኳስ ያጫውታል።

«ረጋ በሉ» ትላለች፣ «እኔም መውጣት እፈልጋለሁ፤ ግን ተራ አለ።»

ይህ ታሪክ በሆነበት ዙር ከነበሩት ሠልጣኞች መሐል ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው «ቁም ሳጥን» የሚባል የማረሚያ ቤት ጠባቂ ነው። በር ላይ ሲቆም በር መኖሩ ይረሳል። ሁለተኛዋ «እሺታ» የምትባል አማካሪ ነች። ሰው ሲያወራ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከመነቅነቋ ብዛት ማታ ማታ አንገቷን በሙቅ ፎጣ ትጠቀልላለች ይሏታል። ቁም ሳጥን እሺታን «ይቺ ሌባ ቢነግራት እሺ፣ ዳኛ ቢነግራት እሺ» ይላታል። እሺታ ቁም ሳጥንን «ሰላም ለማለት ሲመጣ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ» ትለዋለች።

ረጋ በሉ በሰሌዳና በሥዕል ማስተማር አትወድም። እሷ የምታምነው በልምምድ ነው። በአዳራሹ መጨረሻ አንዲት ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለች፤ መወርወሪያዋ ከውስጥ ነው። አንድ የቴአትር ሰው ገብቶ ይቆልፋል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፤ ሠልጣኞቹ ተራ በተራ እየቀረቡ በቃል ብቻ እንዲወጣ ያደርጉታል። አንድ ሕግ ብቻ አለ። ማንም ሰው «ልምምድ ይቁም!» ካለ ሁሉ ነገር ይቆማል። እንባው በጉንጩ እየወረደ የነበረው የቴአትር ሰው ወዲያው ወጥቶ ሻዩ ስኳር እንዳለው ይጠይቃል።

ችግሩ የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያለ አንድ ሰው «ጠባቂና አማካሪ አንድ ላይ ምን ያደርጋሉ? እንደ ድሮው ለየብቻ ይሠልጥኑ» የሚል ሐሳብ አፈለቀ። ስለዚህ የሥልጠና ዋና ኃላፊዋ ሐሙስ ጠዋት መጥተው በዓይናቸው ሊያዩ ተወሰነ። ካላማራቸው የጋራው ሥልጠና ይዘጋል፤ ረጋ በሉም ወደ ማረሚያ ቤቱ የደንብ ልብስ መጋዘን ትመለሳለች።

«እንኳን መጡ!» አለች ረጋ በሉ። «እኔ በር ማስከፈት የምፈራ መስሏቸው ነው?»

ሐሙስ ጠዋት ግን የቴአትሩ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲጮኽ ከርሞ ድምፁ ጥርግ ብሎ ጠፋ። አፉን ሲከፍት የሚወጣው የጫጩት ድምፅ ነበር። በጫጩት ድምፅ «ራሴን እጎዳለሁ» ሲል ማንም አላመነውም፤ ቁም ሳጥን እንዲያውም ፍርፋሪ ሊበትንለት ምንም አልቀረውም።

ረጋ በሉ አልደነገጠችም። አልወጣም የሚል ሰው ያስፈልጋታል፤ በአገሩ ሁሉ ቢፈለግ ከባሏ የባሰ ግትር የለም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከአዳራሹ መንገድ ተሻግሮ ነው። መንገዱን በሁለት ዝላይ አቋርጣ ገባች።

ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን መልሶ በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው ክር ይዟል። ክሩን በምላሱ አራሰ፣ አነጣጠረ፣ ሳተ። እንደገና አራሰ፣ ሳተ።

«ዛሬ ደከም ያልክ ትመስላለህ» አለች፣ በዚያ ለስላሳ የሥልጠና ድምፅዋ።

«ዓይኔ ነው እንጂ። ሰሞኑን እኮ ነግሬሻለሁ፣ የመርፌው ቀዳዳ…»

«ከባድ መሆን አለበት» አለች፤ ራሷንም በሐዘኔታ ነቀነቀች። «ስማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።»

ነገሩን አስረዳችው። ልብስ ሰፊው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ።

«ክፍል ገብቼ ልቆልፍ? አልወጣም ልበል?»

«አዎ። የፈለግከውን በል። ብቻ ቶሎ አትውጣ።»

«ቶሎ አልወጣም» አለ ልብስ ሰፊው፤ ሱቁን ዘግቶ ከፊቷ ቀደመ። ባሏ እንዲህ ቶሎ እሺ ብሏት የሚያውቀው ሲጋቡ ብቻ ነበር። እንግዳ ነገር መሆኑ ሊገባት ሲል የኃላፊዋ መኪና ቆሞ አየችና ነገሩን ተወችው።

እዚህ ላይ የቤታቸውን ነገር መናገር ግድ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ድሮ ሲጣሉ ጎረቤቱ ሬዲዮ ይዘጋ ነበር፤ ከሬዲዮው እነሱ ይበልጡ ነበራ! አንቺ ነገረኛ፣ አንተ ድርቅና የፈጠረብህ፣ እያሉ ሲሞላለጩ አምሽተው በመጨረሻ ሁለቱም ሳቅ ያመልጣቸውና ነገሩ ያልቃል። ረጋ በሉ አሰልጣኝ ከሆነች ወዲህ ግን ቤቱ ጭጭ አለ። አዲስ ዘዴ በተማረች ቁጥር ማታ የምትሞክረው በባሏ ላይ ነው። «ሾርባው ጨው የለውም» ሲላት «ጨው እንደጎደለህ እየሰማሁህ ነው» ትለዋለች። «ታዲያ ጨው አምጪያ!» ሲል «ጨው መፈለግህ ተገቢ ስሜት ነው» ትለዋለች። ልብስ ሰፊው ሾርባውን አልጫ እንደሆነ ይጠጣዋል። ጎረቤቶችም ተስፋ ቆርጠው ሬዲዮ ከፈቱ።

ዋና ኃላፊዋ ገቡ። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ከፊት ተቀመጡ፤ ፊት ያለ ወንበር በሙሉ ባዶ ስለሆነ መምረጥ አላቃታቸውም። ልብስ ሰፊው ጠባቧ ክፍል ገባ። መወርወሪያው ቋ! አለ።

መጀመሪያ ቁም ሳጥን ቀረበ። በትምህርቱ መሠረት ከበሩ ፊት ሳይሆን ከጎን ቆመ፤ ጎን የሚባለውን ቦታም በሙሉ ሞላው።

«ጋሼ፣ እኔ የማረሚያ ቤት ባልደረባ ነኝ። የመጣሁት ልረዳዎት ነው።»

«ራስን ማስተዋወቅ» አለ ልብስ ሰፊው ከውስጥ። «ጥሩ ነው። ድምፅህን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በሩ ይርገበገባል።»

አዳራሹ ሳቀ። ቁም ሳጥን አሰልጣኟን አየ፣ አሰልጣኟ ጣሪያውን አየች። እሺታ ተራዋን ወሰደች።

«ጋሼ፣ እንደገባኝ ከሆነ በአሁኑ ሰዓት ብቻዎን መሆን…»

«ይሄማ የሰኞ ማታው ነው!» አለ ድምፁ። «ሰኞ ማታ በሾርባ ላይ ተሞክሮብኛል። ሌላ የለሽም?»

«የተቆጡ ይመስላሉ።»

«ይሄ ደግሞ የቅዳሜው ነው፤ ካልሲዬን ሳጣ የተባልኩት። ደግሞ ራስሽን አትነቅንቂ፣ አላይሽም።»

እሺታ መነቅነቋን አቆመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አንድ አሥር አለቃ ደግሞ ቢወጡ ትኩስ ሻይ እንዳለ ነገረው። ሻዩ የት እንደተፈላ አውቃለሁ፣ እሱን ለጠላቴ፣ የሚል መልስ መጣ። ያን ዕለት አንድ ጎበዝ የተባለ ሠልጣኝ አልቀረም፤ ሁሉም ወደ በሩ ሄዶ ጆሮው ቀልቶ ተመለሰ። ኃላፊዋ ሲጽፉ ሲጽፉ እስክሪብቷቸው ሊጨስ ምንም አልቀረውም።

ረጋ በሉ ይብቃ ብላ ተነሣች። «ልምምድ ይቁም!»

ሁሉም ተቀመጠ። በሩ አልተከፈተም።

«ልምምድ ይቁም ብያለሁ እኮ!»

«ለእናንተ ይቁም» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ መች ተለማመድኩ?»

ማራገቢያው እንኳ ማሰብ አቆመ። ዋና ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄም የልምምዱ ክፍል ነው?»

አዎ ብትል ያልፍላት ነበር። ግን ረጋ በሉ ሰው ፊት መዋሸት አይሆንላትም። «አይደለም» አለች። «ባለቤቴ ነው። ምን እንደሆነም አላውቅም።»

«እንግዲያው እውነተኛ ሆነ ማለት ነው» አሉ ኃላፊዋ፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት እየሳቡ። «ይቀጥሉ። እኔም የመጣሁት ይህንኑ ለማየት ነው።»

በር ነው፤ በር ደግሞ ሥራዋ ነው። ባልዲ አምጥታ ደፋች፣ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን አለሰለሰች።

«እየሰማሁህ ነው» አለች። «ጊዜ ውሰድ። ምናልባት አሁን የሚሰማህ…»

«እሷን አልጠራሁም።»

«ማንን?»

«አሰልጣኟን። ሚስቴን ጥሩልኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«አይደለሽም። የኔ ሚስት ድምፅ አላት። ይቺ በጥጥ የተጠቀለለች ሴት ከየት እንደመጣች እኔ እንጃ። አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ራት ትበላለች።»

ቁም ሳጥን ወደ እሺታ ጎንበስ አለ። «እዚህ ላይ ምን ይባላል?»

«ምንም አይባልም» አለች እሺታ በሹክሹክታ። «ዝም ነው የሚባለው።»

ረጋ በሉም ዝም አለች። ይህ ዝምታ ከትምህርቱ የመጣ አልነበረም፤ የምትለው ጠፍቶባት ነው። በሩ ማዶ ልብስ ሰፊው ሲተነፍስ ይሰማል። በመጨረሻ ድምፁ ወረደ።

«ዓይኔን ነገርኩሽ እኮ። ደጋግሜ ነገርኩሽ። መርፌው ሁለት ይሆንብኛል፣ ቀዳዳው ይጠፋኛል። ባለፈው የአንድ ደንበኛን ሱሪ ከኮት እጅጌ ጋር ልገጥምለት ምንም አልቀረኝም። ዓይኑ የጠፋ ልብስ ሰፊ ምን ይሆናል? ማታ ማታ ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ስነግርሽ ‹ከባድ መሆን አለበት› ትይኛለሽ። ዛሬም እንደዚያው አልሽኝ። ከባድ መሆኑንማ እኔ አላጣሁትም!»

ረጋ በሉ ክው አለች። ጠዋት የሳተው ክር፣ ቀደም ሲል ሸሚዝ ላይ አዛንፎ የሰፋው ቁልፍ፣ ጋዜጣውን እጁን ዘርግቶ ማየቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ዱብ አሉባት። ከዚያ ከሆዷ፣ ከጥጡ ሁሉ ሥር፣ ያ የድሮው ነገር ተነሣ።

«አንተ ድርቅ ያልክ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። «ዓይንህ እንዲህ ሆኖ ምን አባህ ቆርጦህ ነው መርፌ የምትይዘው? ልትታወር ነው? እኔን ማን እንዲያየኝ ነው?»

የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። መንገድ ማዶ የልብስ ሰፊው ሱቅ መዝጊያ በገዛ ራሱ ተንኳኳ። በአዳራሹ ያሉት ጠባቂዎች በሙሉ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ሳያስቡት ተሰለፉ፤ ከአማካሪዎቹም ገሚሶቹ ከኋላቸው ገቡ። ዋና ኃላፊዋ ራሳቸው እንደ መቆም ብለው እንደገና ተቀመጡ።

ከበሩ ማዶ እንደ ማሳል ያለ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ሳቅ።

«እሷ ናት!» አለ። «እግዜር ይመስገን፣ አልሞተችም!»

ረጋ በሉ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች፤ አሁን ድምፅዋ ለስላሳም ጯሂም አልነበረም፤ የራሷ ነበር።

«ነግረኸኝ ነበር» አለች። «አልነገርከኝም አልልህም። ስሰማህ የምመልሰውን እያሰብኩ ነበር።»

«ሐኪም ቤት ማን ይወስደኛል?»

«እኔ።»

«አሰልጣኟ ናት ወይስ አንቺ?»

«እኔ! አሁኑኑ!»

«ሥልጠናውስ? ሴትየዋ ቁጭ ብለው የለም እንዴ?»

«ሥልጠናው ቢፈልግ ይዘጋ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

መወርወሪያው ቋ! አለ። ልብስ ሰፊው ደረቱ ላይ መርፌ እንደተሰካ፣ ኮቱን እያስተካከለ ወጣ። ረጋ በሉ በመጀመሪያ መርፌውን ከደረቱ ነቀለችው፣ ቀጥሎ ክንዱን ያዘች፣ ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለቤቴን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። የቀረውን እነዚህ ያስረዱዎታል» ብላ በአገጯ ቁም ሳጥንንና እሺታን አመለከተች። መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። በሩ አጠገብ የተቆለሉትን ወንበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሠልጣኞቹ ራሳቸው አነሡላት።

ኃላፊዋ ሁለቱን ተያዦች አዩ። «እሺ፣ ይህ ዘዴ ምን ይባላል? መጮኽ?»

«ኧረ መጮኽ ብለው እንዳይጽፉት!» አለ ቁም ሳጥን እጁን እያወናጨፈ። «እትዬ የጮኹት እኮ ከሰሙት በኋላ ነው። ሰውየው ፈርቷል፤ ፍርሃቱን አንድ ሰው እንዲሰማለት ነው የፈለገው። እኛ ግን ገና ሳንሰማው ልናወጣው ነው የሮጥነው።»

እሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ግን አቆመችና ግንባሯን ቋጠረች። «እኔ የሚያሳስበኝ መወርወሪያው ነው። ከውስጥ ብቻ መቆለፉ አደጋ አለው። ሰውየው ራሱን ቢስት በምን እንገባ ነበር? ከውጭ የሚከፈት መደረግ አለበት። ደግሞ ሳይፈተሽ መርፌ ይዞ ገባ!»

ኃላፊዋ ጠባቂውን አዩ፣ አማካሪዋን አዩ፤ እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

«ቆይ» አሉ። «ከሁለታችሁ ጠባቂው የትኛው ነው?»

በሳምንቱ መልሱ መጣ። የጋራው ሥልጠና ይቀጥላል፤ መወርወሪያው ይቀየር፤ እንዲሁም የቆላፊውን ሥራ ባለሙያው ልብስ ሰፊ በቋሚነት እንዲይዙት ዋና ኃላፊዋ በራሳቸው ጠይቀዋል። የቴአትሩ ሰው ድምፁ ቢመለስም ይህን ሲሰማ እንደገና ጠፋበት።

ሐኪሙም ዓይኑን አይቶ፣ አንደኛው ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንደሚበቃው፣ ለሌላው ግን መነጽር ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲሠራለት ነገራቸው። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ቤቱ የገባ ዕለት እንደ አገር ጎብኚ ዞረ። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አገኘ፣ መደርደሪያው ላይ አቧራ አገኘ፣ በመጨረሻም ሾርባ የምትቀዳለትን ሚስቱን አተኩሮ አየ።

«አንቺ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

ረጋ በሉ ጭልፋውን አስቀመጠች፤ ድምፅዋም ሳታስበው ጥጥ ሆነ። «መሸበቴን ስታይ እንደደነገጥክ እየሰማሁህ…»

«ልምምድ ይቁም!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ።

ረጋ በሉ አየችው። አየር ሳበች።

«አንተን ያገባሁ ቀን ነዋ የጀመረኝ፣ አንተ ዕውር!»

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤት ሬዲዮውን ሲዘጋ ተሰማ።